የሮማው ሰው በታንኳ

ነፋሱ ከኋላችን መጥቶ የያዝነውን ትልቅ ሥዕል እንደ ሸራ ነፋውና ታንኳችን ያለ ቀዘፋ ተፈተለከች።

«ዝቅ አድርጉት! ዝቅ!» ብሎ ጮኸ አካሉ ከኋላ።

«ውኃ ይነካዋል!» አሉ አባቱ፣ አለቃ መርስዔ ኀዘን። በአንድ እጃቸው ጥምጥማቸውን፣ በሌላው የሥዕሉን ዘንግ ይዘዋል። ነፋሱ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ሲጎትትባቸው ትንሽ አሰቡና ጥምጥሙን ለቀቁት። ነጩ ሻሽ እየተተረተረ ሄዶ ሥዕሉ ላይ ካለው ከሮማው ሰው አንገት ላይ ተጠመጠመ።

«ይኸው አለቃ፣ አቀሰሱት!» አልሁ።

«ዘንጉን ያዥ፣ የሺአረግ! ፌዙን መሬት ስንረግጥ ትቀጥይዋለሽ።»

ዘንጉንስ ይዣለሁ። ጉልበቴን የታንኳዋ ደንገል ላይ ተክዬ፣ ቀሚሴ እስከ ወገቤ ርሶ፣ የማውቀውን የመልክእ ጸሎት ሁሉ እያቀላቀልሁ እደግማለሁ። ቀለሙን ውኃ እንዳይረጨው ፊቱን ወደኛ አዙረነው ስለነበረ፣ የሮማው ሰው ከነሰይፉ ከፊታችን ተገትሮ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቹን አፍጥጦ ያየናል። ከጀርባው ድልድይ አለ፤ ድልድዩን የገዛ ጓደኞቹ በመጥረቢያ ይቆርጡታል። ከፊቱ ጠላት እንደ አንበጣ ፈልቷል። በእውነቱ እሱም እንደኛ የጨነቀው ይመስላል።

«እሱስ ኋላ ወንዙን በዋና ነው የተሻገረው» አሉ አለቃ፣ ሐሳቤን ያወቁ ይመስል። «ዋና የማላውቅ እኔ ነኝ።»

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። የጣሊያን መሐንዲሶች ወደ በለስ ሲወርዱና ሲወጡ ባሕር ዳር እያደሩ የሚያልፉበት ዓመት። ከነሱ አንዱ፣ ሲኞር ብሩኖ የሚባለው፣ በሐይቁ ዳር ላለው የመንግሥት ሆቴል ሥራ አስኪያጅ አንድ ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ ሰጠው። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ሀብተ ሥላሴ ነው። ስሙ ከካድሬነቱ ጋር አልስማማ ስላለው «ጓድ ሀብተ በሉኝ» ይላል፤ እኛ ግን እናቱ እንዳወጣችለት ሙሉውን እንጠራዋለን።

መጽሐፉ ውስጥ ያለው የጥንት የሮማ ታሪክ ነው፤ የዛሬ አምስት መቶ ዓመት የነበሩ የጣሊያን ሠዓሊዎች፣ ከነሱም እጅግ አስቀድመው የኖሩትን ነገሥታትና ጀግኖች እያሰቡ የሣሉት። ሠዓሊው ጀግናውን አላየውም፤ የኛ አለቃ ደግሞ ሠዓሊውን አላዩትም። ጓድ ሀብተ ሥላሴ ግን ከጣሊያን አገር ትልልቅ እንግዶች ሲመጡ፣ ራት እየበሉ የአያቶቻቸውን ታሪክ በእጅ ተሥሎ ግድግዳ ሞልቶ እንዲያዩት ፈለገ። መጽሐፉን ገለጠ። ንጉሥ በሠረገላ የተቀመጠበትን አየና «ይህ ፊውዳል ነው» ብሎ ገለበጠው። ራቁቷን ያለች ሴት ያለችበትን አየና፣ ጥቂት ቆይቶ ገለበጠው። በመጨረሻ ድልድዩ ላይ ደረሰ።

«ጓድ አለቃ» አላቸው ጎረቤቴን፣ ግሽ አባይ ሰፈር ድረስ ቤታቸው መጥቶ። ሁለቱ ማዕረጎች ባንድ ሰው ላይ ሲያርፉ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አለቃ የሐይቁን ደሴቶች አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። «ልክ መጽሐፉ ላይ እንዳለው አድርገው ይሥሉልኛል። አንድ ጸጉር ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ። ሥራው ካማረልኝ ልጅዎን በሆቴሉ ሠዓሊነት እቀጥረዋለሁ። ሌሎቹንም ሥዕሎች እሱ ይገለብጥልናል።»

አለቃ መጀመሪያ «የአባቴን ቤት ያቃጠለውን የጣሊያን አያት ልሥልለት?» ብለው ነበር። የልጃቸው ስም ሲነሣ ግን መጽሐፉን ተቀበሉ።

አካሉ ከልጅነቱ ቀለም እየበጠበጠ፣ ኋላም በአባቱ ሥዕሎች ልብሱንና ዛፉን በቀለም እየሞላ ያደገ፣ እጁ ከአባቱ እጅ የማያንስ ሠዓሊ ነበረ። በመጀመሪያው ዙር ብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ዘመተና የቀኝ ዓይኑን ናቅፋ ላይ ጥሎ ተመለሰ። እናቱ ወለተ ሩፋኤል መመለሱን ሳታይ አርፋለች። ከመጣ ወዲህ ከቤት አይወጣም፣ ብሩሽም አይነካም። ሰው ሲገባ ደኅናውን ጎን ብቻ ያሳያል፤ ራት ይዤላቸው ስሄድ እንኳ ሁልጊዜ ግማሽ ፊቱን ነው የማየው፣ ማርትሬዛ ብር ላይ እንዳለችው ሴትዮ። በመጣ ሰሞን የቤታቸውን መስታወት በአጥሩ ላይ አሻግሮ፣ «እትዬ የሺ፣ ይችን አንቺ ዘንድ አስቀምጭልን» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። ተቀብዬ ከአልጋዬ ራስጌ ሰቀልሁት።

በከተማው ዓይኑን ጥሎ የተመለሰ እሱ ብቻ አይደለም። በእሱ ላይ የጠናው በአባቱ ሙያ የተነሣ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሕግ አለ፤ ጻድቅና ሰማዕት ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይን ሙሉ። ከሐዲ፣ ሰይጣን፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ገና ከበሩ ሲገባ ማን ማን እንደሆነ ይለይበታል። አካሉ ይህን የተማረው ከሀ ሁ በፊት ነው። አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብ፣ ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ «አባባ፣ አሁን እኔን ቢሥሉኝ ከጭፍሮቹ ወገን ነው የሚያቆሙኝ፣ አይደል?» አላቸው። ሰውየው ለሁሉ ነገር ጥቅስ አላቸው፤ ከርቤ ለሆድ ቁርጠት እንኳ ቢጠይቋቸው ከመዝሙረ ዳዊት ያመጣሉ። ለዚያ ጥያቄ ግን አጡ።

እንግዲህ ሆቴሉ ሥራ ይሰጠዋል ሲባል፣ ለአለቃ ነገሩ የደመወዝ አልነበረም። ልጁ ብሩሽ ይዞ ከሰው መካከል ይቁምልኝ ነው።

በሥዕሉ ሥር ያለውን የጣሊያን ጽሑፍ ያነበቡልን ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሙሀመድሰዒድ ናቸው። በጠላት ጊዜ ልጅ ሆነው ከካሚዮን ጋር ሲዞሩ ቋንቋውን ለቅመዋል። ሥዕሉ የተሣለበትን አቡጀዲም የሸጡልን እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ሰቅለው፣

«ይህ ኦራሲዮ ነው» አሉ። «ጠላት ሮማን ሊይዝ ሲመጣ ድልድዩ ላይ ብቻውን ቆመ። ጓደኞቹ ከኋላው ድልድዩን እስኪቆርጡ ጠላቱን አገደና፣ ሲጨርሱ ዘሎ ወንዙ ውስጥ ገባ። ዋኝቶ ወጣ። እንዲያው ለነገሩ አለቃ፣ ይህኛው የገዛ አገሩን ነው የጠበቀ፤ የሰው አገር አልሄደም። ይሣሉት፣ ኃጢአት የለውም።»

«ጀግና ነዋ!» አሉ አለቃ።

«ጀግና ነው።»

«ታዲያ ለምን በጎን ሣሉት? ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው።»

ሐጂ መጽሐፉን አዩ፤ አለቃን አዩ። «እኔ ጨርቅ ነው የምሸጥ፣ አለቃ።»

አለቃ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱ። ጠላቶቹን፣ ድልድዩን፣ ወንዙን፣ የጭቃውን ቀለም ሳይቀር ልክ እንደ መጽሐፉ አደረጉት። አካሉ ከጓዳ ሆኖ በመጋረጃው ቀዳዳ ያያል። መጨረሻ ላይ የጀግናው ፊት ሲቀር፣ አለቃ አማትበው ሰውየውን ከጎን ወደ ፊት አዞሩት። ዓይን በሳቸው ቤት መጨረሻ ላይ፣ በጸሎት ነው የሚገባ። ሁለት አስገቡለት፣ እንደ ጊዮርጊስ ያሉ፣ ጎላ ጎላ ያሉ።

ከዚያ ደግሞ በወጉ መሠረት ሥዕሉን ያሠራውን ሰው ከግርጌ ሣሉት። ጓድ ሀብተ ሥላሴ በካኪ ልብሱ፣ ከነደረት ኪሱ፣ በሮማው ሰው እግር ሥር ተደፍቶ ይሰግዳል። አጠገቡ በቀይ ቀለም «ይህን ሥዕል ያሠራው ሀብተ ሥላሴ» ተብሎ ተጽፏል።

«አለቃ፣ ይህችኛዋ ትቅርብዎ» ብያቸው ነበር።

«ያሠራው ሰው ካልተሣለ ዋጋው በምን ይታወቅለታል? አንቺ ደግሞ መሠረተ ትምህርት ከጨረስሽ ወዲህ የማትገቢበት ነገር የለም።»

የማስረከቢያው ቀን ደረሰ። ጋሪ ጠራን፤ የጋሪው ፈረስ ያን ዓይኑ የፈጠጠ ሰው ከነሰይፉ ከበር ሲወጣ አየና ጋሪውን ይዞ ጠፋ። በታንኳ እንሂድ አልን፤ ቀዛፊው ዳኘውን ወባ ጥሎታል። ፀሐይ አዘቀዘቀች። አለቃ ደጃፍ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ራሳቸውን ያዙ። አካሉ ያን ጊዜ ነው ከጓዳ የወጣ፤ በነጠላ ግማሽ ፊቱን ሸፍኖ።

«እኔ እቀዝፋለሁ» አለ። «ከኋላችሁ ነው የምቀመጥ። ማናችሁም ዞራችሁ እንዳታዩኝ።»

እንዲህ ሆነን ነው ሐይቁ ላይ የወጣነው፤ አንዱ እንዳይታይ፣ አንዱ እንዳይሰጥም፣ አንዷ እንዳትስቅ እየተጨነቀች።

ነፋሱ ራሱ ሆቴሉ ወደብ ላይ ጣለን። ሥዕሉን ተሸክመን ምግብ አዳራሹ ገባን። ባንደኛው ግድግዳ ላይ፣ ከጃንሆይ ጊዜ የቀረ፣ የሰው ቁመት የሚበልጥ መስታወት አለ። በላይ በኩል፣ በየመሥሪያ ቤቱ እንደተለመደው፣ የሦስቱ ጢማሞች፣ የኮሙኒዝም አባቶች፣ ሥዕል ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። አስተናጋጆቹ ሥዕሉን ከመስታወቱ ትይዩ ሰቀሉልን። አለቃ ጥምጥማቸውን ከኦራሲዮ አንገት ፈትተው፣ ጨምቀው፣ እንደገና ጠመጠሙት። አካሉ ከበሩ አጠገብ ምሰሶ ተደግፎ ደኅናውን ጎን ወደኛ አደረገ።

ጓድ ሀብተ ሥላሴ እጁን እያፋተገ ገባ። ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ኦራሲዮ።»

«መጽሐፉ ላይ ወደ ጎን ነው የሚያየው! ይህ እኔን ነው የሚያየኝ!»

«ጀግና ነው ተባልን» አሉ አለቃ በትሕትና። «ጀግና ፊቱ አይከፈልም። በአንድ ዓይን የሚሣሉ ከሐዲዎች ናቸው።» ከዚያ ዓይናቸው ወደ ላይ ሄደ። እኔም አብሬ አየሁ። ሦስቱ ጢማሞች ተደራርበው፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ዞረው፣ ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓይን። አለቃ ከልባቸው አዝነው፣ «ይልቅ ጓድ ሀብተ ሥላሴ፣ እነዚህ ሦስት ሽማግሌዎች ምን በድለው ነው?» አሉ።

የሥራ አስኪያጁ ፊት እንደ ጠረጴዛው ጨርቅ ነጣ። በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ አስተናጋጆቹን አየ።

«ዝም በል!» አለ በሹክሹክታ። አንቱታውን እዚያ ላይ ጣለው። «ይህች ቃል ከዚህ አዳራሽ ብትወጣ አንተም እኔም አንድ ክፍል ነው የምንታሰር!» እንዲህ እያለ ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ ከሥዕሉ ግርጌ የተደፋውን ካኪ ለባሽ አገኘ። ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን አነበበ። ቀና ሲል ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ይህ... ይህ እኔ ነኝ?»

«መልክዎ አልመጣልኝም እንዴ?»

«አውርዱት! ቅጥር የለም፣ ምንም የለም! ነገ ጽሕፈት ቤት ቀርበህ ታስረዳለህ!»

አካሉ ከምሰሶው ተላቀቀና ወደ በሩ ዞረ። አባቱ አዩት። ያን ጊዜ የአለቃ ትከሻ ሲወርድ፣ በነፋሱም በማዕበሉም ያልወረደው ሲወርድ፣ ምነው ያ ፈረስ ሥዕሉን ረግጦት በሄደ አልሁ።

በሩ ግን ተከፈተ። ሲኞር ብሩኖ ከእንግዶቹ ቀድሞ ገባ፤ ለአስተርጓሚነት የተጠሩት ሐጂ ሙሀመድሰዒድ ከኋላው። ጣሊያኑ ሥዕሉን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ቀረበ። ራቀ። ከዚያ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አይደለም፣ የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ሰው ሳቅ ነው። ጣቱን ወደ ሮማው ሰው ፊት እየጠቆመ ብዙ ተናገረ። ሐጂ ሊተረጉሙ አፋቸውን ከፈቱና፣ በሩ ላይ የቆመውን አካሉን አይተው መልሰው ዘጉት።

«ምን አለ?» አለ ጓድ ሀብተ ሥላሴ። «ሐጂ! ምን አለ?»

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው በኩታቸው ጫፍ ወለወሉት። «ሁለት ዓይን ሰጣችሁት ይላል።»

«አዎ» አሉ አለቃ።

«ኦራሲዮ ዓይኑ አንድ ነበረ ይላል። ሁለተኛውን ከዚያ በፊት በነበረ ጦርነት አጥቶታል። በአገራችን ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል ይላል።»

ማናችንም ወደ በሩ አላየንም፤ አለማየታችን ራሱ እንደ መጮኽ ነበር።

ጣሊያኑ ምንም ስላላወቀ ቀጠለ። ሐጂም ቀስ እያሉ ተከተሉት። «የጥንቱ ሠዓሊ በጎን ያቆመው የጠፋውን ዓይን ሊደብቅለት ይሆናል ይላል። እኔ መጽሐፉን ከልጅነቴ ጀምሬ አየዋለሁ፣ የዚህን ሰው ፊት ግን ገና ዛሬ አየሁ ይላል። ዓይኑን ብቻ ያስተካክሉልኝ፤ ሌላውን አትንኩት ይላል።»

«ሰሙ፣ ጓድ አለቃ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። አንቱታው ተመለሰች። «ቶሎ! እንግዶቹ እየደረሱ ነው!»

አለቃ የቀለም ሣጥናቸውን ከፈቱ። የሥጋ ቀለም በጠበጡ። ብሩሹን ነክረው ወንበር ላይ ወጡና እጃቸውን ወደ ቀኝ ዓይኑ አቀረቡ። እጃቸው ቆመ። እንደገና አቀረቡ። ቆመ። ከወንበሩ ወረዱ።

«አልችልም» አሉ። «የሰው ዓይን በእጄ አጥፍቼ አላውቅም።»

«ሥዕል እኮ ነው!»

«ለእርስዎ ሥዕል ነው።»

ያን ጊዜ እርምጃ ሰማን። አካሉ አዳራሹን አቋርጦ መጣ፤ ነጠላውን እንደተሸፈነ።

«አባባ፣ ብሩሹን ይስጡኝ።»

«ልጄ፣ አንተ እንኳ ይቅርብህ...»

«እርስዎ ዓይን ሲከፍቱ ነው የኖሩ። የተዘጋ አያውቁም።» ብሩሹን ከእጃቸው ወሰደ። «እኔም አላውቀው። አይቸው አላውቅም።»

ወንበሩን አንሥቶ በሥዕሉና በመስታወቱ መካከል አቆመው። ከዚያ ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ፣ በመስታወቱ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ነጠላውን ከፊቱ አወረደ።

ሁላችንም አየነው። ሽፋሽፍቱ ተጋጥሞ ተዘግቷል፤ ከሱ ሥር አንድ ጠባሳ፣ የደረቀ ጅረት መስሎ፣ እስከ ጉንጩ ይወርዳል። የናቱ አፍንጫ። የናቱ አገጭ። እኔ ወዳጄን ወለተ ሩፋኤልን ከሞተች ወዲህ ያየኋት ያን ሰዓት ነው። አካሉ ራሱን ቁልቁልም ሽቅብም ሲያይ ቆየ፤ ሠዓሊ ሊሥለው ያለውን ነገር እንደሚያይ።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አለ በመጨረሻ። «እኔ የባሰ መስሎኝ ነበረ።»

ወንበሩ ላይ ወጣ። አንዴ ወደ መስታወቱ፣ አንዴ ወደ አቡጀዲው እየዞረ መሥራት ጀመረ። ከንግዲህ ጎን የሚባል ነገር የለውም፤ በዞረ ቁጥር ሙሉ ፊቱን እናያለን። አስተናጋጆቹ ሳህን ይዘው ቆመዋል። አለቃ የቀለሙን ጣባ ከሥር ያዙለት፤ እሱ ልጅ ሳለ ለሳቸው እንደሚይዝላቸው። ብሩሹን ሲያወርድ ኦራሲዮ ድልድዩ ላይ ፊት ለፊት ቆሟል፤ አንዱ ዓይኑ ተከፍቶ፣ አንዱ ተዘግቶ፣ ከጉንጩ ላይ ቀጭን ጠባሳ። ጠላት ቀርቶ እኔም ድልድዩን አልሻገረው።

ምላሴ አላስቀምጥ አለኝ። «አለቃ፣ እንግዲህ ይህ ከማን ወገን ሊቆም ነው?»

አለቃ ሥዕሉን አይተው፣ ልጃቸውን አዩ። «አይታይሽም?» አሉ። «ፊቱን አላዞረም።»

ከግርጌ ያለው ሰጋጅ ቀረ። ሲኞር ብሩኖ አየውና ደስ ብሎት ተናገረ። «በኛም አገር ሥዕሉን ያሠሩ ትልልቅ ጌቶች እንዲህ ተንበርክከው ይሣሉ ነበር ይላል» አሉ ሐጂ። «ጌቶች?» አለ ጓድ ሀብተ ሥላሴ፣ ፊቱ ወለል ብሎ። ካድሬነቱ ትዝ ሲለው ኮስተር አለና «የአበባ ማሰሮ አምጡ!» ብሎ አዘዘ። ማሰሮው ከሥዕሉ ፊት ተቀመጠ፤ እሱም ወዲያ ወዲህ አስጠጋግቶ፣ ለሌላ ሰው እንዳይታይ፣ ከራሱ ወንበር ሲሆን ግን እንዲታይ አድርጎ አበጀው። ከዚያ ወደ አካሉ ዞሮ፣ «ሰኞ ብሩሽህን ይዘህ ና» አለው። «ያችን የሴትዮዋን ገጽ ብቻ እንዘላታለን።»

ስንመለስ ነፋሱ ሞቶ፣ ሐይቁ ተኝቶ፣ ፀሐይ ከዘጌ ወዲያ ቀይ ሆና ነበር። አካሉ እንደ ቅድሙ ከኋላችን ሆኖ ይቀዝፋል። እኔና አለቃ እንደታዘዝነው ወደ ፊት ብቻ እናያለን።

«እትዬ የሺ» አለ።

ልዙር ወይስ አልዙር? ዞርሁ። ነጠላውን አንገቱ ላይ ጥሎታል። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሙሉ ነው።

«ነገ መስታወታችንን መልሽልን።»

«ኧረ ተወኝ እቴ! ለምጀዋለሁ። በሱ ባየሁ ጊዜ ነው ቆንጆ የሆንሁት።»

«ግድ የለም፣ አንቺንም እሥልሻለሁ።»

«በጎን ነው ፊት ለፊት?»

«እሱማ» አሉ አለቃ ከፊት ሆነው፣ ሳይዞሩ፣ «በአጥሩ ላይ በምታሻግሪው ወሬ ልክ ነው የሚወሰን።»

አካሉ ሳቀ። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበርና ሳቁ ምን እንደሚያክል ረስቸዋለሁ። ታንኳዋ ግራና ቀኝ ተወዛወዘች፤ አለቃም ሁለት እጃቸውን ደንገሉ ላይ ተክለው፣ ዋና እንደማያውቁ በድጋሚ አስታወሱን።